ቲሸርት ታዝዤ ጥሩር ያስረከብኩበት ቀን፦ አራት ዓመት ከዲቲኤፍ ህትመት ጋር

ደንበኛዬ ቲሸርቱን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩሽ ቲሸርት ነበር፤ አንቺ የሰጠሽኝ ግን ጥሩር ነው» አለኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም። የሩጫ ቡድን አስተባባሪ ነው፤ ለአርባ ሯጮች ነበር ያሠራው። ደረቱ ላይ 28 በ35 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀለም የተሞላ ሥዕል አትሜበታለሁ። ቀለሙ ያበራል፣ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ናሙናውን አምስት ጊዜ አጥቤው አልተሰነጠቀም። በእኔ ሚዛን እንከን አልነበረውም። ሯጮቹ ግን ገና ሁለተኛው ኪሎሜትር ላይ ላቡ መውጫ አጥቶ ህትመቱ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ። ግማሾቹ ቲሸርቱን አውልቀው ወገባቸው ላይ አስረው ነው የጨረሱት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ዲቲኤፍ አዲስ ነገር ሲወራ ጆሮዬ የሚቆመው ማሽን ሲነሳ ነበር። ስንት ሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) አለው፣ በሰዓት ስንት ሜትር ያወጣል፣ ምን ቀለም ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ የምከታተለው ሌላ ሆነ። ይህን የምጽፈው ወደ ሥራው ለመግባት ለሚያስቡ፣ ወይም ገብተው እንደ እኔ ጥሩር እየሠሩ ላሉ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልናገር። ዲቲኤፍ (ዳይሬክት ቱ ፊልም) ማለት በቀጥታ ጨርቁ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ፔት በሚባል ስስ የፕላስቲክ ፊልም ላይ ማተም ነው። ሥዕሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይታተማል፤ መጀመሪያ ባለቀለሙ፣ በላዩ ነጩ። ቀለሙ ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል። ዱቄቱን የሚይዘው እርጥብ ቀለም ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ይራገፋል። ከዚያ በሙቀት ይቀልጥና ይረጋል። እንዲህ የተዘጋጀው ፊልም ዛሬም ሆነ ከሳምንታት በኋላ በሂት ፕሬስ (አሙቆ በሚጫን ማሽን) ጨርቅ ላይ ይጫናል። የተስፋፋበት ምክንያት ጨርቅ አለመምረጡ ነው። ሰብሊሜሽን (ቀለሙን በሙቀት ወደ ክሩ የሚያሰርገው ህትመት) ነጣ ያለ ፖሊስተር ካላገኘ አይሠራም፤ ዲቲጂ (በቀጥታ ጨርቁ ላይ የሚያትመው) ጥጥ ይወዳል፣ ያውም ቀድሞ መድኃኒት ተረጭቶለት፤ ቪኒል (ተቆርጦ የሚለጠፈው ፕላስቲክ) ትርፉን በመርፌ ሲለቅሙ ዓይን ያጠፋል። ዲቲኤፍ ጥጡንም ቅይጡንም፣ ጥቁሩንም ነጩንም ይይዛል። ሁሉን የሚችል መሆኑ ነው እኔን ያሰነፈኝ።

የመጀመሪያ ማሽኔ ለፎቶ የተሠራ ባለ ስድስት ቀለም ማተሚያ ነበር፤ ለዲቲኤፍ እንዲሆን የተቀየረ። ቀላል ሰማያዊና ቀላል ሮዝ ይገቡባቸው በነበሩት ሁለት መስመሮች ነጭ ቀለም ይሞላል። ያን ጊዜ ብዙ ጀማሪ የሚገባው በዚህ በር ነበር። ነጩ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት፤ ከባድ ማዕድን ስለሆነ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ አይቆይም፣ ይዘቅጣል። የተቀየረው ማሽን ቀለሙን የሚያማስልበትም ሆነ የሚያዘዋውርበት መንገድ አልነበረውም። ማሽኑ የተሠራው ዝቃጭ ለሌለው ቀለም ነዋ! እኔ በየጠዋቱ ጠርሙሱን እነቀንቃለሁ፣ ኖዝሎቹን (ቀለሙ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች) እፈትሻለሁ፣ እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ሄድኩ። ከዚያ ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ቀረሁ። ስመለስ ነጩ ሄዱ ውስጥ ጠንክሯል። ማጽጃ አፈሰስኩ፣ በሲሪንጅ ገፋሁ፣ ሌሊቱን አሳደርኩት። ከነጩ ኖዝሎች ከግማሽ የሚበልጡት አልተመለሱም። የአዲስ ሄድ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም ነበርና ማሽኑን ለመለዋወጫ ሸጥኩት።

ዛሬ በማሽን በኩል የተለወጠው ትልቁ ነገር ይሄው ነው፦ ከመነሻቸው ለዚህ ሥራ የታሰቡ ማሽኖች መጡ። ነጩን ያለማቋረጥ የሚያዘዋውር ፓምፕ፣ ታንኩ ውስጥ የሚሽከረከር ማማሰያ፣ ሄዱን በራሱ ሰዓት የሚያጸዳ ሥርዓት አላቸው። ትልልቆቹ አምራቾችም ዳር ቆመው ማየቱን ትተዋል። ሚማኪ እ.ኤ.አ. በ2023 ቲኤክስኤፍ150-75ን ይዞ ገባ፤ ኤፕሰንም በበኩሉ ለዲቲኤፍ ብቻ የተሠራውን ሹርከለር ጂ6070 አመጣ። ይህን የምጠቅሰው ግዙ ለማለት አይደለም። ሥራው ከጓዳ ሙከራ ወደ ኢንዱስትሪ መሸጋገሩን ስለሚያሳይ ነው። እንዲያም ሆኖ ምርጡም ማሽን ቢሆን ነጭ ቀለም ካለበት ዕረፍት አይወድም። በሳምንት አራትና አምስት ቀን የምታትሙት ሥራ ከሌላችሁ ማሽን አትግዙ። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው አጥቼ ነው ሰባት ወር ደመወዜን ለሄድ የገበርኩት።

ማሽኔ ከሞተ በኋላ ሌላ እስክገዛ ለአሥራ አራት ወር ያለ ማሽን ሠራሁ። ፊልሙን ከሚያትሙ ሰዎች አዝዛለሁ፣ እኔ ዘንድ ሂት ፕሬስ ብቻ አለ። እንደ ውርደት ቆጥሬው ነበር። ኋላ ሳየው ያተረፍኩበት ጊዜ እሱ ነው። ይህም አንዱ አዲስ አካሄድ ነው፦ ማተሙ በአንድ ወገን፣ መጫኑ በሌላ ወገን እየተከፈለ መጥቷል። የሚያትሙት በ60 ሴንቲሜትር ስፋት ጥቅል ያትማሉ፤ ዋጋው የሚታሰበው በሜትር ነው። እናንተ ጋንግ ሺት የሚባለውን ታዘጋጃላችሁ፤ ትልቁን የጀርባ ሥዕል፣ የደረት ዓርማውን፣ የአንገት መለያውን አንድ ላይ አጠጋግታችሁ ባዶ ቦታ ሳትተዉ ትሞላላችሁ። አሁን አሁን ይህን በራሱ የሚደረድር ሶፍትዌር አለ፤ እኔ ግን ትንንሾቹን ዓርማዎች ዛሬም በእጄ ነው የምሰገስጋቸው፤ ፕሮግራሙ የሚተወው ክፍተት ያናድደኛል።

ፊልም ስትቀበሉ ጀርባውን ወደ ብርሃን ያዙት። ዱቄቱ እኩል ቀልጦ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ መታየት አለበት። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ በደንብ አልበሰለም፤ ሲነኩት እጅ ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ያለው ግሊሰሪንና ውሃ ሙሉ በሙሉ አልተነነም፣ ወይም ፊልሙ እርጥበት ጠጥቷል። ጥቂት ሰከንድ ሂት ፕሬሱ ሥር ሳይጫን ማሞቁ አንዳንዴ ያድነዋል። የቀረውን በታሸገ ከረጢት አስቀምጡ።

ወደ ጥሩሩ ልመለስ። አርባውን ቲሸርት በራሴ ኪሳራ እንደገና ለመሥራት ተስማማሁ፣ ግን እንዴት እንደምሠራው አላውቅም ነበር። ዕድሜውን በስክሪን ህትመት የጨረሰ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ፣ ጋሼ እለዋለሁ። ወስጄ አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ጨርቁን ወጠረው፣ ወደ መስኮቱ ያዘው። «ልጄ፣ ይሄ ጥቁር ቀለም ምን ያደርጋል እዚህ?» አለኝ። «ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሌሊት ነው» አልኩት። «ቲሸርቱስ ምን ዓይነት ነው?» ጥቁር ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ አንጥፌ፣ በነጩ ላይ ጥቁር አትሜያለሁ! «ጨርቁም እኮ ቀለም ነው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከአዲሶቹ አካሄዶች ሁሉ ደንበኛ የመለሰልኝ ይህ ነው፦ ቀለም መቀነስ። የዲቲኤፍ ሰዎች ዛሬ «ለስላሳ ህትመት» እያሉ የሚያወሩለት ነገር ስክሪን አታሚዎች ከጥንትም ይሠሩት የነበረ ነው። እነሱ ቀለምና ጊዜ ስለሚፈጅባቸው ቆጠቡ። እኛ ማሽኑ ሁሉን ስለሚያትምልን ሁሉን አተምን።

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጨርቁን ቀለም ከሥዕሉ ውስጥ አወጣለሁ። ቲሸርቱ ጥቁር ከሆነ ሥዕሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ይጠፋና ባዶ ይሆናል፤ ጨርቁ ራሱ ይታያል። ብዙዎቹ የሪፕ ሶፍትዌሮች (ሥዕሉን ለማተሚያው የሚያዘጋጁት) ይህን በአንድ ምርጫ ይሠሩታል፤ በፎቶ ማረሚያም ይሠራል። ሲታተም ሥዕሉ ወንፊት ይመስላል፤ ሲጫን ግን ዓይን ልዩነቱን አይለይም፣ ቆዳ ግን ይለያል። የሯጮቹ ሥዕል እንዲህ ሲሠራ ከነበረው ቀለም የቀረው ከግማሽ በታች ነው።

ሁለተኛው ሃፍቶን ነው። ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ጥላ ወይም ጭስ ሲኖር ወደ ነጠብጣብ እቀይረዋለሁ። ይህ ለልስላሴ ብቻ አይደለም። ዲቲኤፍ ግማሽ ግልጽ የሆነ ፒክስል አያውቅም። የደበዘዘ ጠርዝ ስትሰጡት ከሥሩ ነጭ ያነጥፍበታል፤ ያ ነጭ እንደ ቆሻሻ ጭጋግ ጨርቁ ላይ ይታያል። አለዚያም ቀለሙ ከመሳሳቱ የተነሳ ዱቄት ሳይዝ ይቀርና በመጀመሪያው እጥበት ይረግፋል። ነጠብጣብ ግን ወይ አለ ወይ የለም። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ30 እስከ 35 የነጠብጣብ መስመር አድርጌ ነው የምሠራው። ከዚያ በላይ ሳደቅቀው ነጠብጣቡ በቂ ሙጫ አይዝም፤ ፊልሙን ስልጥ አብሮ ይነሳል። በዚሁ ምክንያት ከ0.5 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ሲመጣልኝ አወፍረዋለሁ፣ ደንበኛው ቢከራከርም።

ሦስተኛው የነጩ መጠን ነው። ለረጅም ጊዜ ነጩን መቶ በመቶ ላይ ትቼው ነበር፤ ማንም ቀንሺ ያለኝ የለም። አሁን ለአብዛኛው ሥራ ወደ 75 አካባቢ አወርደዋለሁ፣ ለነጣ ያለ ቲሸርት ከዚያም በታች። እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ አለ። ነጩ ለሙጫውም መያዣ ነው፤ ብዙ ከቀነሳችሁ ዱቄቱ ይሳሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አንዴ ስስት ይዞኝ 50 ላይ አትሜ ቀዩ ጥቁር ጨርቅ ላይ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ነጩ ከባለቀለሙ በሁለት ወይም በሦስት ፒክስል ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግም አትርሱ፤ ያ ካልሆነ በጠርዙ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ያገጣል።

ዱቄቱም የራሱ ድርሻ አለው። ደቃቁ፣ ማለትም እስከ 80 ማይክሮን ያለው፣ ለስላሳ ነው፤ ለነጠብጣብና ለቀጭን ጽሑፍ ይሆናል። ሻካራው ለወፍራም ሹራብና ለሸራ ጥሩ ነው፤ ለቲሸርት ግን እንደ ካርቶን ያደርቀዋል። ደቃቁ የሚያስቸግረው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ባዶው ፊልም ላይ ይለጠፍና ከተጫነ በኋላ ሥዕሉ ዙሪያ ብናኝ ሆኖ ይታያል። የክፍሉን እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል መያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እኔም ስቸኩል ሁለት ኪሎ ደቃቅ ዱቄት መሬት ላይ አፍስሼ አውቃለሁ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ይቦናል። ጭምብል አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ልቀሙት።

ሯጮቹ ሁለተኛውን ዙር ሲለብሱ ሌላ ነገር ተገለጠ፤ ይሄኛው ጥፋት ደግሞ ፍጹም የእኔ ነው። ከሯጮቹ ቲሸርት ጋር ለአሠልጣኞች የታዘዙ ስድስት ቀይ የፖሊስተር ማሊያዎች ነበሩ። ሳስረክብ ነጩ ጽሑፍ እንደ ወተት ነጭ ነበር። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ፤ ጽሑፉ ሮዝ ሆኗል። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም ሲሞቅ ወደ ጋዝነት ይለወጥና ከክሩ ወጥቶ ወደ ላይኛው ህትመት ይሰርጋል። ሥራው በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ከተጫነም በኋላ ቀናት እየቆጠረ ይቀጥላል። ለጥጥ የምጠቀምበትን 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ፖሊስተሩ ላይ መጫኔ በሩን ከፈተለት።

በዚህ በኩል የመጡት አዳዲስ ነገሮች እውነትም ይጠቅማሉ። ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚጣበቅ ዱቄት አለ፤ ቀለሙ እንዲነሳ ምክንያት አይሰጠውም። ጥቁር ዱቄት የሚሉት ደግሞ በጨርቁና በነጩ መካከል እንደ መጋረጃ ሆኖ የሚወጣውን ቀለም ያግዳል። ለቀይ፣ ለሐምራዊና በሰብሊሜሽን ለታተመ ማሊያ ከጥቁሩ ውጪ አልሠራም። ጉዳቱ ከነጩ ሥር ስለሚያርፍ ህትመቱን ጥቂት ያጠቁረዋል፤ በጠርዙ ካመለጠም ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ማሊያ ላይ የጫንኩትን ናሙና ሳላስረክብ አንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። ደንበኛ ሲያጣድፈኝ የስድስቱን ሮዝ ማሊያ ፎቶ አሳየዋለሁ፤ ወዲያው ይረጋጋል።

ስለ ጌጣጌጡ ብዙ አልልም። ብልጭልጭ ፊልም፣ የወርቅ ፎይል፣ በጨለማ የሚያበራ ዱቄት፣ ሲሞቅ የሚያብጥ ህትመት፣ ሁሉም አለ፣ ሁሉም ይሠራል። ፍሎረሰንት ቀለሞቹ ደስ ይላሉ፤ ተራዎቹ አራት ቀለሞች የማይደርሱበትን አረንጓዴና ሮዝ ያወጣሉ፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደበዝዛሉና ለሜዳ ልብስ ሲታዘዙ ቀድሜ እናገራለሁ። ጥልፍ መስሎ የሚታተመው ሥዕል ከሩቅ ያታልላል፤ ቀርበው ሲነኩት ግን ፕላስቲክ ነው። እኔ አልወደውም፤ ደንበኞቼ ግን ይወዱታል፣ ስለዚህ አትማለሁ። ዩቪ ዲቲኤፍ የሚባለውን ግን ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት፤ እሱ ለኩባያ፣ ለጠርሙስ፣ ለእንጨትና ለመሳሰለው ጠንካራ ነገር ነው። ልብስ ላይ አይሆንም። አንዱ ወዳጄ ስሙ ስለተመሳሰለበት ገዝቶት ቲሸርት ላይ ሊለጥፍ ሞክሯል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዬን አቅልሎልኛል፣ አባብሶብኛልም። ድሮ ደንበኛ ከስልኩ ትንሽ የደበዘዘ ሥዕል ሲልክ «በዚህ አይሆንም» እል ነበር። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ጥርት ያለ ህትመት ወደ 3,540 ፒክስል ያስፈልጋል፤ የተላከው 400 ነው። አሁን ማጉያ ፕሮግራሞቹ በደቂቃ ያሰፉታል፣ ጀርባውንም ይቆርጡታል። ችግሩ ጽሑፍ ሲያጎሉ ፊደል ይፈጥራሉ፤ በተለይ የእኛን ፊደል ሲያገኙ ቅጥያውን እንዳሻቸው ያጣምሙታል። ስለዚህ ጽሑፉን ሁልጊዜ አጥፍቼ በራሴ እጽፈዋለሁ። ጀርባ ሲቆርጡ ደግሞ በጠርዙ ላይ በዓይን የማይታይ ግማሽ ግልጽ ፒክስል ይተዋሉ፤ እሱ ነው ያ ነጭ ጭጋግ የሚሆነው። ከሥዕሉ ሥር ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሽፋን አስቀምጡና አጉልታችሁ እዩ፣ ራሱን ያጋልጣል።

ዱቄት የማይፈልግ ዲቲኤፍም እየመጣ ነው፤ ሙጫው እንደ ቀለም በሄዱ በኩል ፊልሙ ላይ ይታተማል። ዱቄት ነስንሶ፣ አራግፎ፣ አቅልጦ የሚያልፈው ግማሹ መስመር ይቀራል፣ ብናኙም አብሮ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ሙጫ የሚያልፍበት ሄድ ባለቤት ለመሆን ግን የመጀመሪያ ማሽኔ ትዝታ ገና አልለቀቀኝም። እስከዚያው ዱቄት ስታቀልጡ የሚወጣውን ጭስ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እኔ ለወራት መስኮት ከፍቼ በቃ እል ነበር፤ ማታ ማታ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ካርቦን ማጣሪያ ያለው የጭስ መምጠጫ ካስገባሁ ወዲህ ቀርቷል። ማሽን ስትገዙ ዋጋውን ከዚህ ጋር ደምራችሁ አስቡት። የሚጣለው ፊልምም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ቅርጫት ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ አለ፤ ቦታ ሳታባክኑ መደርደሩ ለእሱም ይረዳል።

ስለ አጫጫኑ ያለኝ ጥቂት ነው። ጨርቁን መጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ባዶውን ተጫኑት፣ እርጥበቱ ይውጣ። ጥጥ ከሆነ በ150 እና በ160 ዲግሪ መካከል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ። ፊልሙ በትኩሱ የሚላጥ ነው ወይስ ሲበርድ የሚለውን ገዝታችሁ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሲበርድ የሚላጠውን በትኩሱ የሳብኩበት ሙሉ ጥቅል ትዝ ይለኛል። ከተላጠ በኋላ በብራና ወረቀት ወይም በቴፍሎን ሸፍናችሁ ደግማችሁ ተጫኑት፤ ሥዕሉ ክሩ ውስጥ የሚገባው፣ ፕላስቲክ የመምሰሉ ነገርም የሚቀንሰው ያኔ ነው። የሂት ፕሬሱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የእኔው 160 ሲል ግራ ጥጉ 141 ነበር፤ በቴርሞሜትር ስለካው ነው የአንድ ዓመት ልጣጭ ምክንያት የገባኝ።

ያ የሩጫ ቡድን አስተባባሪ አሁንም ደንበኛዬ ነው። ባለፈው የመጣ ጊዜ ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ቲሸርቱን አገላብጦ ከውስጥ በኩል በእጁ ዳበሰው፣ ከዚያ አፉን አስጠግቶ በህትመቱ ላይ ተነፈሰበት። ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል መዳፉ ላይ ሲደርሰው ሂሳቡን ጠየቀኝ።